የጋሽ ዳንጊሶ የሐይቅ ደብተር

ደብተሩ ሳይገለጥ ሽታው ቀድሞ መጣ፤ ናፍታሊንና የሐይቅ ጭቃ። ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን ያዞር ነበር። እኔ ግን ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርጌ ጠጋ አልኩ።

ያለሁት በሐዋሳ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ከንባብ አዳራሹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከግድግዳው ማዶ ተማሪዎች ወንበር ሲጎትቱና ድምፃቸውን አፍነው ሲሳሳቁ ይሰማል። ከፊቴ አሥራ አንድ ደብተሮች ተደርድረዋል። የመዛግብት ሠራተኛው ካሌብ የሚባል ወጣት ነው። መጀመሪያ እጄን አስታጠበኝ፤ ቀጥሎ ጣቴን በምራቅ አርሼ ገጽ እንዳልገልጥ አስጠነቀቀኝ። እሱ ሳይወለድ እነዚህን ደብተሮች ከዝናብ ስከላከል እንደነበር ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ጉራ ይመስልብኛል ብዬ ነው። ጉራም ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱ ስለ ከተማዋ የሚናገር አሮጌ ወረቀት ያለው ሰው ቢያመጣ እንደሚያስቀምጥለት ካስታወቀ ወዲህ፣ ሰዉ የእድር መዝገብ፣ የድሮ ፎቶግራፍ፣ የሠርግ መጥሪያ ሳይቀር ተሸክሞ መጥቷል። የልጅነት ጎረቤቴ የጋሽ ዳንጊሶ ልጅ ትዕግሥት ደግሞ የአባቷን ደብተሮች ከሳጥን አውጥታ አስረከበች። ደውላ ስትነግረኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አንድ ገጽ ትዝ አለኝ። ከነዚያ ደብተሮች በአንዱ ውስጥ እኔ የጻፍኩት ውሸት አለ። የአንድ ቀን ውሸት ነው። ጋሽ ዳንጊሶን ከሥራቸው ያስወጣቸው ግን ያ ውሸት ነው ብዬ አምኜ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የኖርኩት። ይህን ነው ለማየት የመጣሁት።

ውሸቱን የጻፍኩበት ክረምት አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር፤ ያውም ሦስተኛ ወጥቼ። ቤታችን ታቦር ሰፈር ነው። አባቴ ከድር፣ መናኸሪያ አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር የኔ ሥራ እዚያ ሄዶ ደንበኛ የዘረጋውን ጨርቅ ማጠፍ ነበር። ጨርቅ ማጠፍን ያህል የሰለቸኝ ነገር በሕይወቴ የለም። ስለዚህ አንድ ቀን ጎረቤታችን ጋሽ ዳንጊሶ መጥተው ከአባቴ ጋር በዝግታ ሲነጋገሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ አባቴ ወደኔ ዞሮ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አብሬያቸው ሐይቅ እንደምወርድ ሲነግረኝ፣ ለምን ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። አባቴ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፤ እዚያ የምሠራውን ለማንም እንዳልናገር።

የሰፈር ልጆች ጋሽ ዳንጊሶን «የሐይቁ ሰውዬ» እንላቸው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ የሲዳማ ሰው ነበሩ። አማርኛን ቃል በቃል እየመረጡ ስለሚናገሩ ዝናብ መጣ ሲሉ እንኳ አስበውበት የወሰኑት ይመስል ነበር። በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሐይቁን ከፍታ አይተው ይጽፋሉ፤ በወሩ መጨረሻ ቅጽ ሞልተው ለመሥሪያ ቤታቸው ይልካሉ። ደብተሩ ግን የራሳቸው ነው፤ ማንም አላዘዛቸውም። ወረቀት ከእጅ ከወጣ በኋላ የት እንደሚገባ አይታወቅም፣ አንዱ እኔ ጋ ይቀመጥ፣ ይሉ ነበር። ብል እንዳይበላው ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከናፍታሊን ጋር ያስቀምጡታል።

እኛ ልጆች ይህን ሁሉ የት እናውቃለን። እኔ ሐይቁ የሚታዘዛቸው ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳር ስንደርስ እጃቸውን አንስተው በቋንቋቸው በሲዳሙ አፎ ረጅም ሰላምታ ሲሰጡ፣ ለሐይቁ መስሎኝ እኔም አብሬ ጎንበስ እል ነበር። ሐይቁም አጸፋውን ሲመልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዳሩ ላይ ከበቀለው የፊላ ሣር ጀርባ መረብ የሚሰበስቡ አስጋሪዎች መኖራቸውን ያወቅኩት ሳምንት ቆይቼ ነው። አስጋሪዎቹ ለካ ያቺ እጅ የምትነሳ ልጅ ማን ናት እያሉ ሲስቁብኝ ነበር።

መንገዱን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ። ጋሽ ዳንጊሶ የጎማ ቦቲያቸውን አድርገው፣ አንድ ሽቦው የተሰበረ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ይወጣሉ። ደብተሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከካፖርታቸው ሥር ነው። ጋሪዎች ጭቃውን እየረጩ ያልፉናል፤ የፈረሱ ላብ ከእርጥብ አፈር ጋር ተደባልቆ ይሸታል። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ሰብረው፣ ስብሰባ ያረፈደባቸው የቀበሌ ሰዎች መስለው ቆመዋል። የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት እንደ ብርጭቆ ስባሪ መሬት ላይ ይብለጨለጫል። የእኔ ላስቲክ ጫማ ውስጥ ውሃ ገብቶ፣ በተራመድኩ ቁጥር ጭልቅ ጭልቅ ይላል።

መለኪያው ውሃው ውስጥ የተተከለ፣ ነጭ ቀለም ተቀብቶ በጥቁር ቁጥር የተጻፈበት ብረት ነው። እስከዚያ ድረስ የሚወስድ የእንጨት መረማመጃ አለ። የመጀመሪያው ቀን ጋሽ ዳንጊሶ መረማመጃው ጫፍ ላይ አቁመውኝ፣ ቁጢጥ በይ አሉኝ። ቆሞ የሚያይ ሰው ይሳሳታል፤ ዓይን ከውሃው እኩል መሆን አለበት። ሞገዱ ሲመጣ የደረሰበትን፣ ሲመለስ የወረደበትን አያለሁ፤ መካከሉን እይዛለሁ። ይህን ሦስት ጊዜ አደርጋለሁ። ከዚያ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ድገሚ ይሉኛል፤ እደግማለሁ። እሳቸው ደብተሩን ፊታቸው ድረስ አስጠግተው ከመስመር የሚተርፍ ትልልቅ ቁጥር ይጽፋሉ። ከጎኑ «ያየው» የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ «ዳንጊሶ» ብለው ይፈርማሉ።

እኔ እየፈተኑኝ መስሎኝ ነበር። አስተማሪ የሚያውቀውን ነው የሚጠይቀው፤ ስለዚህ እሳቸውም ያዩትን ነው የሚጠይቁኝ ብዬ፣ እንዳልሳሳት ስጨነቅ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ግን ፊታቸው የነበረውን የውሃ ጉድጓድ፣ ዶሮ እንኳ አይታ የምትዞረውን፣ ቀጥ ብለው ገቡበት። ያኔ ነው የገባኝ። ዓይናቸው መሐል ወተት የመሰለ ሞራ ነበር። ሐይቁን እንደ ሰማይ በጅምላ ያዩታል፤ ቁጥሩን ግን አያዩትም። መሥሪያ ቤታቸው ይህን አያውቅም። አባቴ አትናገሪ ያለኝም ይህን ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የነበረኝን ኩራት በምን ልናገረው። እኩዮቼ ሱቅ ይላካሉ፣ ሕፃን ያዝላሉ፤ እኔ ሐይቅ አነባለሁ። ደግሞም ከዚያ የባሰ ነገር በራሴ ላይ ጨመርኩ፤ የምናገረው ቁጥር ሐይቁን የሚያዘው መሰለኝ። ሩቅ አገር ትልቅ ቧንቧ ያለበት ቢሮ አለ፣ እዚያ አንድ ሰው የጋሽ ዳንጊሶን ወረቀት እያየ ውሃ ይለቃል ወይም ይዘጋል ብዬ በልቤ ሠርቼዋለሁ። ያለዚያ በየቀኑ መጻፉ ምን ይጠቅማል? ማንንም አልጠየቅኩም። አምስተኛ ክፍል ልገባ የደረስኩ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋኝም ብዬ ነው።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ እረፍት አጣ። ውሃው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይወጣ ጀመር። የክፍል ጓደኛዬ የመሲ ቤት ከሐይቁ ዳር ነበር፤ አባቷ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙባት ጓሮ ከፊላው ጋር ትገናኛለች። ስናልፍ የመጀመሪያው የቆስጣ መደብ በውሃ ተውጦ አየሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛው።

በዚህ መሐል ጋሽ ዳንጊሶ በወባ ወደቁ። ጠዋት ሄጄ በራቸውን ሳንኳኳ ትዕግሥት ከፍታ አስገባችኝ፤ አባቷ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበው ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ነበር። ደብተሩንና እስክሪብቶውን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ። ደብተሩ በእጄ ሲገባ የመጀመሪያዬ ነው። «ያየው» የሚለው ላይ ስሜን ልጻፍ ወይ ስል ጠየቅኳቸው። የእኔን ጻፊ አሉኝ። ቅር አለኝ። ጃንጥላውን እንኳ ሳልይዝ ሄድኩ።

ሁለት ቀን ያየሁትን ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን መሲ ከመረማመጃው አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ። አባቷ ከኋላዋ ጆንያ ውስጥ አፈር እየሞሉ በቤታቸው ዙሪያ ይደረድራሉ። እናቷ ፍራሹን ጠቅልላ ጠረጴዛ ላይ ሰቅላዋለች። መሲ ስታለቅስ አድራ ዓይኗ አብጧል። ምስጢሩን ማን እንደነገራት እስከዛሬ አላውቅም፤ እኔው ራሴ ሳልሆን አልቀርም።

«አንቺ ነሽ አሉ የምትጽፊው» አለችኝ። «ዝቅ አድርጊልን።»

ሄጄ ቁጢጥ አልኩ። ሦስት ጊዜ አየሁ። ውሃው ከትናንቱ ሁለት ጣት ወጥቷል። ከዚያ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ካየሁት አንድ ስንዝር የሚያህል ዝቅ አድርጌ ጻፍኩ። ለመሲ ራሴን ነቀነቅኩላት፤ እሷም ለአባቷ ልትነግር ሮጠች። ቀኑን ሙሉ አንድ ቤተሰብ ከጎርፍ ያዳነ ሰው እንደሚሄደው ሆኜ ነው ሰፈር ውስጥ የዋልኩት።

በማግስቱ ውሃው መሲ ቤት ደጃፍ ደረሰ። ጆንያዎቹ አጠገብ ቆሜ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ፈርቼ እውነተኛውን ቁጥር ጻፍኩ።

ጋሽ ዳንጊሶ ቀና ያሉ ዕለት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የጻፍኩትን እንዳነብላቸው አዘዙኝ። የመጀመሪያውን አነበብኩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውን በጥድፊያ አለፍኩት። አራተኛውን ሳነብ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ሐይቅ ጉሬዛ አይደለም» አሉ። «እንዲህ አይወርድም፣ እንዲህም አይዘልም።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ መሲ፣ ስለ ፍራሹ፣ ስለ ቧንቧው ቢሮ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ታዲያ ውሃው ሰማሽ?»

«አልሰማኝም።»

«አይሰማም። እኔንም በዚህ ሁሉ ዓመት ሰምቶኝ አያውቅም።»

ከዚያ ቃላቸውን እየመረጡ አስረዱኝ። ቁጥሩ ለዛሬ ውሃ አይደለም። ነገ መሲ አድጋ ቤት ልትሠራ ስትነሳ፣ ውሃው እስከየት መጥቶ ነበር ብላ የምትጠይቀው ሰው ያስፈልጋታል። እሳቸው ያኔ አይኖሩም፤ ደብተሩ ይኖራል። ደብተሩ ዝቅ ብሎ ከነገራት መሲ ቤቷን ዝቅ አድርጋ ትሠራለች። እኔ ያደረግኩት ያን ነው፤ መሲን ከዛሬው ጎርፍ ሳላድን፣ ልጆቿን ለነገው ሰጠኋቸው። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አላለም። እኔ ግን ማልቀስ ጀመርኩ፤ ገና ያልተወለዱት የመሲ ልጆች አልጋቸው ላይ ሲንሳፈፉ ታዩኝ።

ሮጬ ቤት ገባሁና ምላጭ ይዤ መጣሁ። ትምህርት ቤት የእስክሪብቶ ስሕተት የምናጠፋው በምላጭ ፍቀን ነው። ጋሽ ዳንጊሶ በጣታቸው ዳብሰው ምን እንደያዝኩ ሲያውቁ ምላጩን ተቀበሉኝ።

«ከፋቅሽው ሁለት ውሸት ይሆናል» አሉኝ። «አንድ መስመር አድርጊበት። ሥሩ ያለው ይነበብ። ከላዩ እውነቱን ጻፊና ፈርሚ።»

መስመሩን አሰመርኩ። የውሃውን ልክ አልረሳሁትም ነበር፤ ጻፍኩት። ከጎኑ «ተሳስቼ ነው፣ ሰሚራ ከድር» ብዬ ፈረምኩ። ፊርማዬ ብቻውን ባዶ ስለመሰለኝ «፬ኛ ሀ» ብዬ ክፍሌን ጨመርኩበት።

«አሁን ያየው ማን ይላል?» አሉ።

«ጋሽ ዳንጊሶ ይላል።»

«ያየውስ ማን ነው?»

«እኔ።»

ደብተሩን ከእጄ ወስደው በላስቲኩ ጠቀለሉና ሂጂ አሉኝ። ተናደውብኛል ብዬ ነው የሄድኩት።

ሰኞ ጠዋት ቡናማ ኮታቸውን ለብሰው፣ ደብተሩን በብብታቸው ይዘው፣ ትዕግሥት እየመራቻቸው ወደ መሥሪያ ቤታቸው ሄዱ። ያን ኮት የሚለብሱት ለእሑድ ጸሎት ብቻ ነበር። ከቀትር በኋላ ሲመለሱ በአጥራችን ቀዳዳ አየኋቸው፤ በሩ ላይ ቆመው ቦቲያቸውን ለረጅም ጊዜ ሲያጥቡ ነበር። መስከረም ሲጠባ መለኪያውን የሚያነብ ሌላ ሰው መጣ፤ ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰ ጎረምሳ። ጋሽ ዳንጊሶ ከዚያ በኋላ ቤት ዋሉ። ሳልፍ ጠርተው በቆሎ እሸት ይሰጡኛል፣ ውሃው እንዴት ነው ብለው ይጠይቁኛል። የመሲ ቤተሰቦች ጓሯቸውን ለሐይቁ ትተው ወደኛ ሰፈር ወጡ። እኔ ጋሽ ዳንጊሶን በኔ ምክንያት ነው ወይ የወጡት ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ፈራሁ። እያደግኩ ስሄድ ደግሞ አፈርኩ። ከዚያ እሳቸው አረፉ።

ካሌብ ሰባተኛውን ደብተር አቀረበልኝ። የመሥሪያ ቤቱ ቅጾች እስካሁን አልተገኙም አለኝ፤ የዚያ ዘመን የሐይቁ ነገር የተረፈው በነዚህ ደብተሮች ብቻ ነው። ተመራማሪዎች መጥተው እንደጠየቁ፣ አንዷ ተማሪም ሳምንቱን ሙሉ ስትገለብጥ እንደሰነበተች ነገረኝ። ሐምሌን አገኘሁ። ገጹን ከጫፉ ይዤ ገለጥኩት።

የማየው ነገር ወዲያው አልገባኝም። ሐምሌ አንድ፣ «ያየው፦ ዳንጊሶ»፤ በስሙ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር። ከላዩ ደግሞ በዚያ ከመስመር በሚተርፍ ትልቅ ጽሑፍ፣ «ሰሚራ ከድር፣ ፬ኛ ሀ»። ሐምሌ ሁለት፣ እንዲሁ። ሐምሌ ሦስት፣ እንዲሁ። ፊደሎቹ ይጋጫሉ፤ አንዳንዱ ቦታ መስመሩ ስሙን ስቶ ወረቀቱን ብቻ መትቷል። ቀን በቀን፣ ገጽ በገጽ፣ ወሩን በሙሉ፣ ነሐሴንም በሙሉ። በማያይ ዓይን እያንዳንዷን ቀን ዳብሰው የራሳቸውን ስም ሰርዘው የእኔን ጽፈዋል። እኔ ከአንድ ቁጥር ጋር ስታገል፣ እሳቸው ከስንት ፊርማ ጋር ነበሩ።

ከነሐሴ መጨረሻ ሥር ማስታወሻ አለ። ካሌብ ድምፄን እንዳይሰማ በልቤ ነው ያነበብኩት።

«ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ያየው ዳንጊሶ ተብሎ የተጻፈው እውነት አይደለም። ዓይኔ ቁጥሩን አይለይም። ያየችው ሰሚራ ከድር ናት። አንድ ቀን ተሳስታለች፤ ራሷ አርማዋለች። የቀረው ትክክል ነው። ይህን ዛሬ ለመሥሪያ ቤቱ ተናግሬአለሁ።»

ከሥራ ያስወጣቸው የእኔ ቁጥር አይደለም። በኮታቸው የሄዱት የእኔን ሊናገሩ አይደለም፤ የራሳቸውን ሊናገሩ ነው። የአንዲት የአሥር ዓመት ልጅ እርማት አይተው፣ እንጀራቸውን የሚያሳጣቸውን እርማት ራሳቸው ላይ አደረጉ። አለቀስኩ፤ ግን የሐዘን አልነበረም። እንደዚያ የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ በእሳቸው፣ እና ሳልሸሽግ ልናገረው፣ በራሴ። የቀረው ትክክል ነው ብለውልኛል።

ካሌብ ውሃ አመጣልኝና ዘመድዎ ናቸው ወይ ሲል ጠየቀኝ። ሰሚራ ከድር እኔ ነኝ አልኩት። ለካ ስሙን አይተው ሲያፈላልጉኝ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ መስዬአቸው፣ «፬ኛ ሀ» የሚለውንም የደመወዝ እርከን ነው ብለው ደምድመዋል። ከመሳቢያው የደብተሩን መግለጫ ካርድ አውጥቶ አሳየኝ። «መረጃውን ያየችው፦ ማንነቷ ያልታወቀ ባለሙያ» ይላል።

አሁን እናስተካክለዋለን አለና ነጩን የቀለም ማጥፊያ አንስቶ ክዳኑን መፍታት ጀመረ። እጁን ያዝኩት።

«አይጠፋም» አልኩት። «አንድ መስመር አድርግበት።»

ግራ እየተጋባ አሰመረ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ከመስመሩ በላይ ስሜን ጻፍኩ። ፊርማዬን አኖርኩ። ከጎኑ ደግሞ፣ ካሌብ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሶ እያየ፣ «፬ኛ ሀ» ብዬ ጨመርኩበት።